ሦስተኛው ዳገት

ጎረቤቴ አጥር ሊያሠራ በራችን ላይ አንድ መኪና ጠጠር አስደፋ። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ መተላለፊያው ስለተዘጋ በክምሩ ጠርዝ አለፍኩ። ጠጠሩ ከጫማዬ ሥር ተንኮሻኮሸ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። ደብረ ብርሃን ከገባሁ ወዲህ አስፋልትና ኮብልስቶን እንጂ ጠጠር ላይ የሚያስኬድ ጉዳይ አልነበረኝም። የቢሮ ቦርሳዬን እንደያዝኩ እዚያው ቆሜ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆኜ ብስክሌት እየገፋሁ ነበር።

ያደግነው ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር ከሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ባለች የገጠር ቀበሌ ነው። አባታችን ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር፣ እናታችን የዚያው ደብር ቄስ ልጅ ነበሩ። ልጆቻቸው ወንድሜና እኔ ብቻ ነን። ወንድሜ በሁለት ዓመት ይበልጠኛል። ትንሽ ሳለ ጉሮሮውን ታመመ፤ ቀጥሎ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ አበጠ፤ ዳነ ስንል ሕመሙ ልቡ ላይ ቀረ። የልቡ በር በደንብ አይዘጋም አሉን። ከዚያ ወዲህ በየወሩ መርፌ መወጋት ነበረበት። መርፌው የሚሰጠው ደግሞ ሦስት ዳገት ተሻግሮ ባለው ጤና ጣቢያ ነው።

በዚያ መንገድ መኪና አይሄድም ነበር። አባዬ ጥቁር፣ እንደ በሬ የከበደ ብስክሌት ነበረው። እሱ ክፍል እየገባ፣ እማዬ አልጋ የያዙትን አያታችንን እያስታመመች፣ ወንድሜን የማድረሱ ሥራ የኔ ሆነ። በወር አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እቀራለሁ። እማዬ በር ድረስ ትሸኘንና ሁልጊዜ አንድ ነገር ትለኛለች።

«ዳገት እንዳታስወጪው። በእግሩም ቢሆን። ሰምተሻል?»

«ሰምቻለሁ።»

ስለዚህ ዳገት ላይ እሱ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ መሪውን ይይዛል፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ዘልዬ ከኋላው የዕቃ መጫኛው ላይ እወጣና ወገቡን አቅፋለሁ። ያን ቁልቁለት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? መንገዱ በሁለቱም በኩል በድንጋይ ካብና በቀጋ አጥር የታጠረ ነው። ጠጠሩ ከጎማው ሥር እየተፈናጠረ ካቡን ይመታል። ብርዱ ዓይናችንን ያስለቅሰዋል። ከካቡ ሥር ያለውን ጦስኝ በግ ረግጦት ካለፈ ሽታው መንገዱን ሁሉ ይሞላዋል። ወንድሜ ማንም በሌለበት፣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ደወሉን ይደውላል።

«ለማን ነው የምትደውለው?» እለዋለሁ።

«ለቀጋው! መንገድ እንዲለቅልን!»

ቤት ውስጥ ዝምተኛ ነበር። እማዬ ጩኸት እንዳያስደነግጠው፣ ብርድ እንዳያገኘው፣ ውኃ እንዳይቀዳ፣ ኳስ እንዳይጫወት ስትጠብቀው ግድግዳ ተደግፎ መቀመጥ ለምዶ ነበር። እዚያ ቁልቁለት ላይ ግን ሌላ ሰው ነው። ጀርባው ላይ ጆሮዬን ስለጥፍ ልቡ ትሰማኛለች፤ እንደ ሰው ልብ ድም ድም አትልም፣ በመሃል ሹክሹክታ የመሰለ ነገር አላት።

ጥር ነበር። መርፌውን ተወግቶ እየተመለስን ሳለ ሦስተኛው ዳገት ሥር ወደ ሠርግ የሚሄዱ ወጣቶች አገኙን። ከበሮ ይዘዋል። ሁለቱ የወንድሜ የክፍል ጓደኞች ነበሩ። እኔ ወገቤን ሰብሬ ስገፋ፣ እሱ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ ሲያዩ አንዱ ከበሮውን ደለቀና፣

«እልልል በሉ! ሙሽራው መጣ!» አለ።

«አይ ሙሽራ! ሴት እየገፋችው!» አለች አንዲት ልጅ።

ሁሉም ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ ሠርግ የሚሄድ ሰው በምንም ይስቃል። ሕመሙንም በደንብ አያውቁም ነበር። ወንድሜም አብሮ ፈገግ አለ። እነሱ አልፈው የከበሮው ድምፅ እስኪርቅ ድረስ ፈገግታው ፊቱ ላይ እንደ ተረሳ ዕቃ ቆየ። ከዚያ ወደ ኋላው ሳይዞር፣

«ልቀቂኝ» አለኝ።

«ምን?»

«ይሄን አንዱን ዳገት። አንድ ጊዜ ብቻ ራሴ ልውጣው።»

«እማዬ ትገድለኛለች።»

«እማዬ እዚህ የለችም። እባክሽ።»

ወንድሜ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ታላቄ ነው፤ ያዛል እንጂ አይለምንም። ግን የለቀቅሁት ለልመናው ብቻ አይደለም። ክንዴ ዝሎ ነበር። በሳቃቸው እኔም አፍሬ ነበር። በዚያ ላይ፣ ሁልጊዜ እኔ የምገፋው ለምንድን ነው የሚል ነገር ውስጤ ብልጭ ብሏል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

እጄን አነሳሁ።

መጀመሪያ ተንገዳገደ። ከዚያ ቆሞ ፔዳሉን ይረግጥ ጀመር። ከመንገዱ ዳር እስከ ዳር እየተጠማዘዘ፣ ዳገቱን በአግድሙ እየቆረጠ ይወጣል። ማን እንዳስተማረው እንጃ፤ ስንት ወር ኮርቻው ላይ ሆኖ ሲያስበው እንደኖረ ያን ጊዜ ገባኝ። ጠጠሩ ከጎማው ሥር ይንኮሻኮሻል፤ በያንዳንዱ እርግጫ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከኋላው እየሮጥኩ «ይበቃሃል! ውረድ!» እላለሁ። አልወረደም። መታጠፊያው ላይ የቀጋው አጥር ሸፈነውና ጠፋብኝ። ትንፋሹም ጠፋ። ከዚያ ደወሉን ሰማሁት፤ ሳያቋርጥ፣ ሳያቋርጥ ይደውላል።

ስደርስ ብስክሌቱን አጋድሞ ሣሩ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። ከንፈሩ ጠቁሯል። ደረቱ የሸሚዙን ቁልፍ ይመታዋል። ድምፅ ሳያወጣ ይስቃል፤ እንባው ወደ ጆሮው ይወርዳል። ከታች የአሊዩ አምባ ቆላ በጉም ተሸፍኖ፣ ጉሙ ላይ ፀሐይ ወጥቶበታል። አጠገቡ ተንበርክኬ ማልቀስ ጀመርኩ። እጄን ያዘኝ። መናገር እስኪችል ብዙ ቆየ።

«አየሽኝ?» አለኝ።

«አየሁህ።»

«እግሬ መሬት አልነካም።»

«አልነካም።»

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት።»

ቤት ስንገባ እማዬ ፊቱን አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ዳገት ወጥቷል?» አለችኝ። «አልወጣም» አልኳት። ዓይኗን እያየሁ ነው ያልኳት።

ሁለት ወር ሳይሞላ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ተኝቶ መተንፈስ ስላቃተው ተቀምጦ ያድር ነበር። ደብረ ብርሃን አስተኙት፤ ከዚያ አዲስ አበባ ላኩት፤ እዚያ ለቀዶ ጥገና ወረፋ ተያዘለት። ወረፋው ሳይደርሰው፣ ሰኔ ሲገባ አረፈ። ሐኪሙ ለአባዬ፣ የልቡ በር ካለቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፣ እስካሁን መቆየቱም ይገርማል ብሎት ነበር። አባዬ ይህንን ለለቀስተኛው ሁሉ ሲናገር እሰማለሁ። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር የሚታየኝ እጄን ከኮርቻው ላይ ሳነሳ ነው።

ከዚያ በኋላ ብስክሌት አልነካሁም። አባዬም ለአንድ ዘመዱ ሰጠው። ተማርኩ፣ ሥራ ያዝኩ፣ ደብረ ብርሃን ቤት ተከራየሁ። አባዬ ሲያርፍ እማዬን አምጥቼ አብረን እንኖራለን። መንገዱ ዛሬም ጠጠር ነው ይሉኛል፤ ሄጄ አላየሁትም።

ያን ዕለት ጠጠሩ ላይ ከቆምኩ በኋላ ሥራ አልገባሁም። ወደ ግቢ ተመለስኩ። እማዬ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አለችኝ። መሬት ላይ እግሯ ሥር ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት። የልጆቹን ሳቅ፣ ልመናውን፣ ክንዴ መዛሉን፣ የዋሸኋትን። ስነግራት ቀና ብዬ አላየኋትም፤ ጣቶቿ ምስሩ ውስጥ እንደቆሙ ብቻ ይታየኛል።

ስጨርስ ሰፌዱን ከጭኗ ላይ አወረደች። ከዚያ፣

«ጫፍ ደረሰ?» አለችኝ።

«እ?»

«ዳገቱን ነው የምልሽ። ወጣው?»

«ወጣው እማዬ። አንድም ጊዜ ሳይወርድ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። እግሯን አቅፌ «ይቅር በይኝ» አልኳት። ብነግራት ኖሮ ሐኪም ጋ ቶሎ ይወስዱት ነበር፣ ያንን ልትለኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ለሃያ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ያንን ነው።

«ያኔውኑ ብትነግሪኝ» አለች፣ ድምጿ እየተቆረጠ፣ «ያኔውኑ ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ልጄ አንድ ነገር እንኳ ደስ ሳይለው፣ አስሬ አስቀምጬው ሄደ እያልኩ ይህን ሁሉ ዘመን አላለቅስም ነበር።»

ዳገቱን አስወጥቼ ገደልኩት እያልኩ ስፈራ፣ እናቴን የልጇን አንድ ደስታ ነጥቄ ኖሬያለሁ።

ፊቷን ጠረገች። «በይ ድገሚልኝ፤ ከሥሩ ጀምሪ» አለችኝ። ደገምኩላት። ሣሩ ላይ ተንጋሎ መሳቁ ጋ ስደርስ አስቆመችኝና፣ ሳቁ ድምፅ ነበረው ወይ አለችኝ። አልነበረውም አልኳት።

«ምን ለብሶ ነበር?»

ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አልመጣልኝም። ሸሚዙን አስታውሳለሁ፤ ከላይ የደረበውን ግን አላስታውስም። የሆነ ነገር ልላት እችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ ዋሽቻታለሁ።

«ረሳሁት እማዬ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐዩ ፊቷ ላይ ነበር።

«ጥር አይደል? ብርድ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አረንጓዴውን ሹራብ ነው። እጅጌው አጥሮት ነበር። እኔ ነኝ በር ላይ ያለበስኩት።»