የራሕማ መርከብ

ራሕማ ጅዳ በሠራችባቸው ሰባት ዓመታት፣ አሠሪዎቿ ሳሎን ውስጥ የቆመውን የድሮ የጦር መርከብ ሞዴል በቀጭን ብሩሽ የምትጠርገው እሷ ነበረች። በየጎኑ ስንት መድፍ እንደተደረደረ፣ የትኛው ገመድ ከየትኛው ሸራ ጋር እንደሚታሰር ጣቶቿ ያውቁታል።

መካነ ሰላም በተመለሰች በዓመቱ፣ የራሷን መርከብ በጋሼ አበጋዝ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ ጥግ ይዛ ጀመረች። አካሉን ከዋንዛ ጠረበች፤ ምሰሶዎቹን ከወይራ አወጣች፤ ገመዶቹን እናቷ ከፈተሉት ጥጥ ገመደች። ጎረቤት ስለ ባል ሲያነሳባት፣ «መጀመሪያ ሸራዬን ልወጥር» ትላለች።

ሥራውን በጀመረች በስምንተኛው ወር ለቅሶ ደርሳ ከከላላ ስትመለስ፣ በሁለት ድንጋይ ተደግፎ የነበረው መርከብ ጠረጴዛው ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት ጋሼ አበጋዝ፣ መላጊያቸውን እንደያዙ። «ያንን ሹል ሆዱን ደልድዬልሻለሁ። ከእንግዲህ ያለ ድጋፍ ይቆማል።» አርባ ዓመት አልጋና ሳጥን ሲሠሩ፣ ከእጃቸው የወጣ ዕቃ ተንጋዶ አያውቅም።

ራሕማ መርከቡን ገልብጣ የተላገውን ሆዱን በጣቷ ዳሰሰች።

«ጋሼ፣ ውሃውን የሚሰነጥቀው በዚህ ሹል ነበር።»

«እዚህ ምን ውሃ አለና?» አሉ፤ ፊቷን ሲያዩ ግን መላጊያውን አስቀመጡ።

እሷ ገመዶቹን አንድ በአንድ እየፈታች ትጠቀልል ጀመር።

«ሌላ ዋንዛ አለዎት?»

«እንደገና ከሥሩ ልትጀምሪው?»

«ሰባት ዓመት የሰው መርከብ ጠርጌያለሁ» አለች። «የራሴን ሁለት ጊዜ ብሠራ አይበዛብኝም።»