የእናቴ ግራጫ ጆግ

እናቴ የሞተችው ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ነው። አዲስ በተከፈተው የክልሉ መሥሪያ ቤት በሥራ ስሯሯጥ ስለምውል ሐዘኑ ድካም ላይ የመጣ ድካም ሆነብኝ።

ድሮ በባሮ ወንዝ በመርከብ ይነግዱ የነበሩ ፈረንጆች ለአያቴ የሰጡት አንድ ጆግ ነበራት፤ እንደ እርሳስ ለስላሳ ከሆነ ማዕድን የተሠራ፣ መልኩ ግራጫ። ይቀልጣል ብላ እሳት አጠገብ አታደርሰውም። በለብታ ውሃና በሳሙና አጥባ በአሮጌ ነጠላ ታደርቀዋለች እንጂ አመድ አታስነካውም። «ግራጫው ቆዳው ነው፤ ተይው» ትለኝ ነበር።

ለቅሶው ላይ የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶችና የሰፈራ መንደር ወዳጆቿ ጓዳውን ተረከቡ። እኛ ጋ ለቅሶ የመጣች ሴት ዕቃ ሳታጥብ አትሄድም፤ የምትወድሽ ከሆነች ደግሞ ፈግፍጋ ነው የምታጥበው። አመሻሽ ላይ ስገባ ጆጉ በአመድ ተፈግፍጎ ያብለጨልጫል።

«እናትሽ መቼም በሕመሙ አቅም አጥተው ነው እንዲህ የጠቆረባቸው» አለችኝ አንዷ፣ እጇ አመድ እንደያዘ። «ይኸው አዲስ አደረግንልሽ!»

ልቆጣ ነበር፤ አቅም አጣሁ። «እጃችሁ ይባረክ» ብዬ ተቀበልኳት።

በዚያ ጆግ ላይ ፊቴን አይቼ አላውቅም ነበር። እንዴት እንደደከምኩ ያየሁት ያኔ ነው።