በብብት የዋለ ዳቦ

ደባርቅን የለቀቅሁ ዕለት ያለቀሰ ሰው አልነበረም። መንገደኛ ላይ ማልቀስ ደግ አይደለም ብላ እናቴ ቀድማ ከልክላለች። ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መናኸሪያው በር ላይ ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ቆመች፤ እኔም ቦርሳዬን ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቄ ተቀመጥኩ። ሁሉም በወጉ ሆነ። ወጉ ያልገባው ታዛቢ ብቻ ነው።

ታዛቢ ውሻዬ ነው። ስሙን ያወጣችለት እናቴ ናት። ጎረቤታችን ድርቆሻችን ላይ እጁ ሲረዝም ጊዜ፣ ጮክ ብላ «ታዛቢ!» እያለች የምትጠራው አንድ ነገር ፈለገች፣ ቡችላው ተገኘ። እንግዲህ ይኸው ታዛቢ መኪናውን ተከትሎ በዳባት መንገድ ሮጠ፣ ሮጠ፣ ከዚያ ጭጋጉ ዋጠው። እኔም አንገቴን ደፍቼ ኮሶዬ እስክንደርስ ቀና አላልኩም።

ስለ በረሃውና ስለ ባሕሩ አልጽፍም። የጻፉት ብዙ ናቸው፣ እኔም ሳስበው እንቅልፌ ይሄዳል። ተሻገርኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አሁን ጀርመን ነኝ። የዚህ አገር ብርድ ደግሞ ሌላ ነው። የደባርቅ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ የዚህኛው እስከ ፋሲካ ይቅርታ አያውቅም። ሰላምታቸው አንዲት «ሃሎ» ናት። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው፣ ስለ እናትህ ጤና ሳትጠየቅ ቀኑ ይመሻል።

የሥራ ቢሮዋ ሴትዮ ምን ትችላለህ አለችኝ። ስሜን ተራራ ለሚወጣ ቱሪስት ጓዝ በበቅሎ እጭን እንደነበር በአስተርጓሚ ነገርኳት። ኮምፒውተሯን ብትበረብር ብትበረብር በቅሎ ጫኝ የሚባል ሙያ አጣች። አናጺ አለ፣ ጸጉር አስተካካይ አለ፣ በቅሎ ጫኝ የለም። በመጨረሻ «እንስሳት» የሚል አገኘችና ቲርሃይም ላከችኝ። ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ ይባል የለ? እኔ ደግሞ የውሻ አሳዳሪ ሆንኩ።

ቲርሃይም ማለት ሰው የጣላቸው ውሾችና ድመቶች ሌላ ባለቤት እስኪገኝላቸው የሚኖሩበት ቤት ነው። ወለሉ ይሞቃል። አመድ ላይ ተጠቅልሎ የሚያድር የደባርቅ ውሻ ቢያየው ገነት ነው ይላል። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ፓስፖርት አለው። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴን ሁለት ዓመት ስጠብቅ፣ ከፊቴ ያለው ውሻ ሰማያዊ ፓስፖርት ይዞ ምግብ ያማርጣል! ተናደድኩ፣ አልዋሽም። ግን በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ይላሉ፣ የገባው የሚጠብቁት ሰው አለመሆኑን ሲያዩ መልሰው ይተኛሉ። ይህንን ሳይ ንዴቱ ለቀቀኝ። ሥራዬን ወደድኩት፣ እስከ ዛሬም እወደዋለሁ።

ሉና የምትባል ጥቁር ውሻ ከሩማንያ በመኪና ተጭና መጣች። ጥግ ይዛ አራት ቀን እህል አልቀምስ አለች። ሥጋ ተሰጣት፣ እንቁላል ተሰጣት፣ እምቢ። ኃላፊያችን ፍራው ቬበር፣ ወይዘሮ ቬበር ማለት ነው፣ ነገም ካልበላች ግሉኮስ ይሰካላታል አለች። ያኔ ታዛቢ ትዝ አለኝ። ቡችላ ሳለ ከዳባት ሳመጣው፣ እናቴ እንዳዘዘችኝ ቁራሽ ዳቦ በብብቴ ይዤ በእግሬ ስጓዝ ውዬ ቤት ስገባ ነው ያጎረስኩት። በብብትህ የዋለ ዳቦ የበላ ውሻ ካንተ አይለይም ይባላል፤ አልተለየምም።

በማግስቱ ከዚያ ከጥቁሩ የጀርመኖች ዳቦ ቁራሽ በብብቴ ወሸቅሁና ስምንት ክፍል አጠብኩ። ላብ በላብ ሆኜ ሉና ፊት ቁጭ አልኩ። አሸተተች፣ ዋጠች፣ እጄን ላሰች። ፍራው ቬበር በመስኮት አይታ እንባዋ መጣ። ዘዴውን ግን አልነገርኳትም፤ ጤና ቢሮ የሚያስጠራ ነገር ነው ብዬ ፈራሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንደ ደጃዝማች ተንጎማለልኩ።

ጉዱ የመጣው ወሳጅ ሲመጣላት ነው። እዚህ አገር ውሻ መውሰድ ልጅ ከመዳር ይከብዳል። ቤትህ ይታያል፣ አጥርህ ይለካል፣ ቀኑን የት እንደምትውል ትጠየቃለህ፣ ውል ትፈርማለህ። ይህን ሁሉ ያለፉ ባልና ሚስት ወሰዷት፤ በአራተኛው ቀን መለሷት። በር ሥር ተኝታ እህል አልነካም ብላለች። ቀጥላ አንዲት አስተማሪ ወሰደቻት፣ እሷም መለሰቻት። ስትመለስ እኔን አይታ እንዴት እንደዘለለች! ፍራው ቬበር ግን የሉና ወረቀት ላይ «ለማላመድ የሚያስቸግር» ብላ ጻፈች። እንዲህ የተጻፈበት ውሻ ዕድሜውን እዚያው ነው የሚጨርስ።

እኔው ልውሰዳት ብዬ አከራዬን ለመንኩት። ውሉ ላይ ውሻ ክልክል ነው አለኝ። ጨዋ ናት፣ አትጮህም አልኩት።

«አንተም ጨዋ ነህ፤ ስልክ ስታወራ ግን ትጮሃለህ» አለኝ።

እውነቱን ነው። በእኛ ኔትወርክ ከደባርቅ ጋር ሳይጮሁ ማውራት አይቻልም።

ጨንቆኝ እናቴ ጋ ደወልኩ። ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቆጣች።

«አንተ ሞኝ! ዳቦውን በብብቱ የሚይዝ የውሻው ተቀባይ ነው እንጂ ሰጪው ነው? የማታኖራትን ምን ብለህ አሰርካት?»

ለካ ሉናን ሁለት ቤት ያሳጣኋት እኔ ነኝ። መድኃኒቱንም እናቴው ነገረችኝ፤ አዲሱ ሰው ዳቦ ይያዝ፣ እኔ ደግሞ የውሻዋ ዓይን እንዳያየኝ፣ ድምፄንም እንዳትሰማ።

ሦስተኛው ፈላጊ ሄር ብራንት፣ አቶ ብራንት እንደ ማለት፣ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ጡረተኛ ባቡር ነጂ ነበሩ። ቤታቸው ታይቶ አልፏል። ችግሩ ንጽሕናቸው ነው፤ የበር እጀታ በነኩ ቁጥር ከኪሳቸው መጥረጊያ የሚያወጡ ሰው ናቸው። እኚህን ሰውዬ ብብት ውስጥ ዳቦ ይያዙ ማለት አለብኝ። መጀመሪያ ለፍራው ቬበር ተናዘዝኩ፤ ጆሮዋ ቀላ፣ ግን ሞክር አለችኝ። ለሽማግሌውም ነገርኳቸው። እንደሚሄዱ ሳስብ መነጽራቸውንና ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ።

«ስንት ሰዓት?» አሉኝ።

«ላብ እስኪነካው።»

«በቀኝ ነው በግራ?»

ባገራችን ይህን የጠየቀ ሰው አላውቅም። እንዲሁ «በግራ» አልኳቸው፣ ጻፉት።

ሉናን ሲወስዷት እኔ ድመቶች ቤት ተደብቄ ነበር። ስታለቅስ ሰማኋት። አንዲት ባለአንድ ዓይን ድመት ጭኔ ላይ ወጥታ እያንኮራፋች፣ እኔ ድምፄ እንዳይወጣ ከንፈሬን ነክሼ ተቀመጥኩ። አራተኛው ቀን አለፈ፣ አልተመለሰችም። ሳምንቱም አለፈ።

ወር ሲሞላው ሽማግሌው የመጨረሻውን ወረቀት ሊፈርሙ ሉናን ይዘው መጡ። ፍራው ቬበር ና ውጣ አለችኝ። ሉና አየችኝ፣ ጅራቷን ወዘወዘች፣ መጥታ እጄን አሸተተች። ከዚያ ተመልሳ ሄደችና የሽማግሌው ጫማ ላይ ቁጭ አለች። ደስ አለኝ፣ ሆዴም ባባ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ። ሄር ብራንት ደረታቸውን ነፍተው ግራ ብብታቸውን በጣታቸው አሳዩኝ።

ቤት እንደገባሁ እናቴ ጋ ደወልኩ። መረቀችኝ። ከሄድኩ ጀምሮ ፈርቼ ያልጠየቅሁትን ያን ጊዜ ጠየቅሁ።

«ታዛቢስ?»

«ያኔ ከዳባት መንገድ ሰዎች መለሱልኝ። አልበላም ብሎ ከሳብኝ፣ እኔም ዳቦ በብብቴ ያዝኩለት። ይኸው እግሬ ሥር ተኝቷል፣ ወፍሯል። ስምህን ብጠራ ጆሮውንም አያነሳ።»

«ደግ አደረግሽ» አልኳት፣ ከልቤ። «አንቺስ፣ እምዬ፣ እንዴት ነሽ?»

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ እያልኩ ጮህኩ። አከራዬ ግድግዳውን ደበደበ።

«አለሁ ልጄ» አለች። «ለኔማ ማን ዳቦ ይያዝልኝ?»