ከአስራ ሁለቱ እሳቱ ማን ነው

የጣሊያን ካቦ ነበር ይሉኛል። አዎ፣ ነበርኩ። አልደብቀውም፣ አላፍርበትምም። ያኔ ገና ያልተወለዱ ሰዎች ዛሬ ጣታቸውን ሲቀስሩብኝ ግን ደሜ ይፈላል። ስለዚህ ነገሩን ከኔ ከባለቤቱ ስሙት።

ጣሊያን ከቡሬ ተነስቶ ዛሬ ፍኖተ ሰላም ወደምንላት ሰፈር መንገድ ሲያስጠርብ ከየደብሩ ሰው በግድ ይወሰድ ነበር። ከኛ ደብር አስራ ሦስት ሆነን ተነዳን። እኔ ዳዊት የደገምኩ፣ ቅኔ ቤትም ጥቂት የቆየሁ ስለነበርኩ፣ ይኼ ፊደል ያውቃል ተብዬ በአስራ ሁለቱ ላይ ካቦ ተደረግሁ። ከነሱ አንዱ የእህቴ ባል ነበር። እህቴ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛለች። ስንሄድ እጄን ይዛ አደራ አለችኝ፤ ሲቆጣ ራሱን እንደማያውቅ እሷም እኔም እናውቃለን።

ሥራው ድንጋይ መፈንቀልና በቃሬዛ ማመላለስ ነው። ቃሬዛ ደግሞ ለሁለት የሚያዝ ነገር ነው፤ የፊተኛው ሲቸኩል የኋለኛው ካዘገመ ድንጋዩ እግር ላይ ይወርዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሰዎቼ ተሰዳድበው፣ ተማትተው አለቁ። የእህቴ ባልማ እናቱን በሰደበው ሰው ላይ ድጅኖ አንስቶ ለአምስት ነው የያዝነው። በተጣሉ ቁጥር ጅራፍ አለ፤ ጥፋተኛውም ያላጠፋውም እኩል ይገረፋል።

ቆይ እስቲ፣ እኔ ምን ተማርኩ አልኩ። የኔታ ሰው ከአራት ባሕርያት ነው የተፈጠረው ይሉን ነበር፦ ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውኃ፣ ከመሬት። በየሰዉ ላይ ደግሞ አንዱ ያይላል። ገበሬስ በሬ ሲጠምድ ችኩሉን ከችኩል ጋር መች ያጣምዳል? ሰዎቼንም እንደዚያው አጣመድኳቸው። የእህቴን ባል፣ ያን እሳት፣ ከአንድ ዝግተኛ ሽማግሌ ጋር አደረግሁት፤ ሽማግሌው መሬት ናቸው፣ ቢረግጧቸውም አይናገሩ። ካቦ ሊያጋባን ነው ብለው ሳቁብኝ። ይሳቁ።

አነጋገሬንም ለየሁ። እሳቱን አላዘውም፤ ይኼን እንዴት ብናደርገው ይሻላል ብዬ አማክረዋለሁ። ነፋሱ ወሬውን ሳይጨርስ ድንጋይ አያነሳም፤ እስኪጨርስ እሰማዋለሁ። ውኃው በሰው ፊት እምቢ ማለት አያውቅም፤ ለብቻው ጠርቼ፣ እውነት ጉልበትህ ይችላል ወይ እለዋለሁ። ወር ሳይሞላ ጠቡ ጠፋ፤ ከኔ ሰዎች የሚገረፍ አልነበረም። ለመንገዱ ብዬ መስሏችኋል? መንገዱ ገደል ይግባ። ለጀርባቸው ብዬ ነው።

አዛዡ ፈረንጅ ግን አየ። ሌላው ቡድን ሲባላ የኔው እንዴት ሰላም እንደሆነ በአስተርጓሚ አስጠየቀኝ። ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። ዝም ማለት ስችል፣ ተማሪ ያገኘሁ መስሎኝ፣ አራቱን ባሕርያት አንድ በአንድ ተነተንኩለት። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ጠያቂ ካገኘ አፉ አይዘጋም፤ በሽታችን ነው። ፈረንጁ ፈገግ እያለ ደብተሩ ላይ ጻፈ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ምን ይደረጋል።

ብዙም ሳይቆይ አርበኞች ላህ ወንዝ አጠገብ የጣሊያን መኪና አቃጠሉ። በማግስቱ ጠዋት ፈረንጁ አስራ ሁለቱን አሰልፎ እኔን ወደፊት አስወጣኝ። አስተርጓሚው፣ ያገሬ ልጅ፣ ፊቴን ሳያይ ተናገረ፦ ከነዚህ ውስጥ እሳት የሆኑትን ጠቁም፣ ወደ ምሽግ ይወሰዳሉ። ምሽግ የገባ ሰው ሲመለስ አይተን አናውቅም። ማን እንደሆነ አስራ ሁለቱም ያውቃሉ። የእህቴ ባል ራሱም ያውቃል።

"ሁሉም መሬት ናቸው" አልኩ።

ፈረንጁ እንደዋሸሁ ገባው። አልተቆጣም፣ ተንኮሉ እዚያ ላይ ነው። እኔን አስተኝተው እንዲገርፉኝ፣ ሰልፉንም ወታደሮች ጠመንጃ ደግነው እንዲጠብቁ አዘዘ። እሳት የሆነው ራሱ ይነሳል አለ። ያስተማርኩትን ትምህርት በኔው ጀርባ ሊፈትነው ነው።

ጅራፍ ያማል፤ አላመመኝም ብዬ አልዋሽም። እግዜር ያውቃል፣ የፈራሁት ግን ጅራፉን አልነበረም። አንገቴን አዙሬ የእህቴን ባል ብቻ አያለሁ። በአንዲት ቃል ስድብ ቤት የሚያፈርስ ሰው ነው። በሆዴ፣ ተው፣ ስለ እህቴ ብለህ ተው እላለሁ። እኔ በተመታሁ ቁጥር ፈረንጁም የሚያየው እኔን ሳይሆን ሰልፉን ነው።

አልተነሳም። ዓይኑን ከኔ ላይ ሳይነቅል፣ እጁን አጣምሮ እንደቆመ ቀረ። ያ መሬት ያልኳቸው ሽማግሌ እንኳ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ፤ እሱ ፊት ላይ ግን ምንም አልታየም። ጎበዝ፣ ትምህርቴ ስህተት ሆኖ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። ገራፊው ሲደክመው ፈረንጁ ደብተሩን ዘግቶ ሄደ። ከሰልፉ አንድም ሰው አልተወሰደም።

የእህቴ ባል ከመሬት አንስቶ አዘለኝ። ያኔ ነው መላ ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ጀርባው ላይ ሆኜ ያወቅሁት። እንዴት ቻልከው አልኩት።

"አያ፣ ንዴቴ የኔ ነው። እሱ ስለፈለገው አውጥቼ አልሰጠውም።"

በሳምንቱ ንዴቱን ይዞ ዱር ቤቴ አለ። ጀርባዬ ሲያገግም እኔም ተከተልኩት።