ሞተሬ ቅቤ የጠጣች ቀን

ነገሩ የሆነው አምና ጥቅምት ላይ ነው። ዓመት አልፎታል፤ ግን ዛሬም ደዶ ገበያ ብቅ ስል ሰዎች ጆሯቸውን በእጃቸው ይደፍናሉ። ሞተር ሳልይዝ፣ በእግሬ ስሄድ እንኳ! እኔ ልርሳው ብል የሚያስረሳኝ የለም።

የምኖረው ጅማ፣ ሄርማታ ነው። አንዲት የቻይና ሞተር አለችኝ። እንደ ተሠራች ብትቀር ምንም አልነበረባትም፤ እኔ ግን አላርፍ አልኩ። አልጋ የሚበይድ ጓደኛዬ ጋ ወስጄ መሪዋን በአልጋ ብረት አስረዘምኩት፤ ስነዳ እጄ ከትከሻዬ በላይ ነው። ማስነሻና ማጥፊያ ቁልፏንም ከፊት አንስቼ ከኋላ ወንበሩ ሥር አስገጠምኩት። ለምን እንዳትሉኝ። ያምር ነበር።

መሪው ሲረዝም የነዳጅ መስጫው ሽቦ አጠረ። ከባጃጅ ሽቦ ቀጣጥዬ ባስረዝመው ደግሞ መያዝ ጀመረ። ነዳጅ ሰጥቼ እጀታውን ስለቀው አይመለስም፤ ሞተሯ ብቻዋን ትጮሃለች። እጀታውን ፈትቼ አጸዳሁት፤ አልሆነም። ሽቦው የሚታጠፍበትን አቃናሁ፤ ትንሽ ተሻለው። አንድ መካኒክ "የሽቦው ሽፋን ውስጡ ደርቋል፤ ቀጭን ዘይት አጠጣው" አለኝ።

በዚያው ሰሞን ዘይነባን ለማግባት ሽማግሌ ልልክ ነበር። አባቷ ሐጂ ጀማል ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ደዶ ገበሬ ናቸው፤ የተከበሩ፣ ግን ቁጡ። ሞተር የሚነዳ ወጣት ሁሉ ለእሳቸው ዱርዬ ነው። "ለሞተረኛ የምሰጠው ልጅ የለኝም" ማለታቸውን ሰምቻለሁ። እሳቸው እምቢ ካሉ ደግሞ አበቃ፤ ዘይነባ የአባቷን ቃል እንደማትሻገር ቁርጡን ነግራኛለች። ስለዚህ ሽማግሌዎቼ ጨዋነቴን እንዲያወሩ፣ ስለ ሞተሯ ግን ትንፍሽ እንዳይሉ ተነጋገርን።

የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አጎቴ አባ ፊጣ ናቸው። እዚሁ ጅማ መርካቶ ቅቤ ይነግዳሉ፤ እሳቸው ዘንድ ቅቤ የማያድነው ነገር የለም። ራስ ምታት ቢሏቸው ቅቤ፣ የሚንጫረር በር ቢሏቸው ቅቤ። የቀጠሮው ዕለት ጠዋት ቤቴ ሲመጡ ከሽቦው ጋር ስታገል አገኙኝ።

"ማሎ ባክህ፣ ቅቤ እያለ ዘይት ምን ያደርግልሃል?" አሉና አቅልጠው በመርፌ ሽፋኑ ውስጥ አንቆረቆሩት። ወላሂ፣ እጀታው እንደ አዲስ ሆነ! ሁለታችንም በደስታ ነዳጅ እየሰጠን ስንሞክረው ሌሎቹን ሁለት ሽማግሌዎች የያዘው ሚኒባስ አጎቴን ጥሏቸው ሄደ።

"በል አንተው ውሰደኝ፤ መንደሩ ሳንገባ ታወርደኛለህ" አሉ። ሽማግሌ በተላከበት ቤት አግቢው ራሱ አይታይም፤ ነውር ነው። እሺ አልኩ።

ደዶ ደጋ ነው። ሽቅብ በወጣን ቁጥር ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። አጎቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጀርባዬ ተለጥፈዋል። እኔ ጅሉ፣ የበረደው እኛን ብቻ መስሎኛል። ቅቤ ሲበርደው ምን እንደሚሆን የማያውቅ አበሻ አለ?

የመንደሩ መዳረሻ ላይ ያለውን ዳገት ለመጨረስ ነዳጅ ሰጠሁ። ጫፍ ላይ ስለቀው እጀታው እዚያው ቀረ። ቅቤው ሽቦው ውስጥ ረግቷል! ፍሪሲዮን ብይዝ ጩኸቱ ባሰበት። ከዳገቱ ማዶ ቁልቁለት ነው፤ ፍሬኗም ያን ያህል አይደለም። ተንደረደርን።

"አጎቴ፣ ቁልፉን ያጥፉት! ከሥርዎ ነው!" እላለሁ። እሳቸው ወገቤን በሁለት እጃቸው ጨምድደው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሸሃዳ ይላሉ።

ቁልቁለቱ የት ያልቃል? ሐጂ ጀማል ደጅ። በሩ ደግሞ ለእንግዳ ክብር ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ግቢው ውስጥ ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ደንቡ ነው፤ ልጅ የሚጠይቅ ሽማግሌ ቁጭ በሉ ቢባልም እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። በኋላ እንደነገሩኝ አንደኛው "ልጁ ዝምተኛ ነው፤ ድምፁ እንኳ አይሰማም" እያሉ ነበር። ያኔ ነው የገባነው።

ዶሮው ተበተነ። በጉ ገመዱን በጥሶ ጠፋ። እኔ በፍሬንም በእግሬም እየጎተትኩ ሐጂ ፊት ደርሼ ቆምኩ፤ የሞተሯ ጩኸት ግን አልቆመም። ሰዎች አጎቴን ሊያወርዷቸው ቢጎትቱ እኔን አልለቅም አሉ፤ ቁልፉ ደግሞ ከሥራቸው ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ተመኘሁ።

በመጨረሻ አጎቴ ዓይናቸውን ገለጡ። ሐጂን አዩ። እንግዲህ የመጡበትን አይረሱም፤ እዚያው ሞተሯ ላይ እንዳሉ ጋቢያቸውን አስተካክለው "ልጅዎን ለልጃችን!" ብለው ባላቸው ድምፅ ሁሉ ጮኹ።

ዘይነባ በዚያ ቀን ከጓዳ መውጣት አልነበረባትም። ግን ሞተሬን በድምፅዋ ታውቃታለች፤ እየሮጠች መጣች። እጀታውን ነካ አድርጋ ጣቷን አሸተተች። ከዚያ ያየችኝን አስተያየት ለጠላቴም አልመኝም። ለአባቷ ውዱእ የተሞቀውን ውሃ ከነማንቆርቆሪያው አምጥታ ሽቦው ላይ ከላይ እስከ ታች አፈሰሰችው። ቅቤው ቀለጠ፣ እጀታው ተመለሰ፣ ሞተሯም ረገብ አለች። አጎቴን ደግፈን አወረድንና ቁልፉን አጠፋሁ።

ዘይነባን አጣኋት ብዬ አንገቴን ደፋሁ፤ እንባዬ ሁሉ መጥቶ ነበር።

ሐጂ አጎቴን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው። "አባ ፊጣ፣ በዚህ ግቢ ብዙ ሽማግሌ ተቀብያለሁ። ሁሉም ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀምጦ ሲመጣ ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው!" አሉ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው አፈኑ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "በደንባችን ዛሬ 'እንመክርበታለን፣ ሌላ ቀን ተመለሱ' ነበር የምለው" አሉ። አንዴ ሞተሯን፣ አንዴ አጥር ላይ የወጣችውን ዶሮ አዩ። "ተመለሱ ብል ግን በዚችው ሞተር ልትመለሱብኝ ነው። አስታግፊሩላህ! ሰጥቻለሁ፤ ግቡና ተቀመጡ!"

ይኸው ይህን ስጽፍ ዘይነባ አጠገቤ ሆና ትስቃለች። እኔ ያን ቀን ሳስበው ዛሬም ያልበኛል። ሐጂ ልጃቸውን የሰጡኝ ወደውኝ ይሁን ፈርተውኝ እስካሁን አላውቅም። አልጠይቅም ደግሞ፤ ሐሳባቸውን ቢቀይሩስ?