ሰው ያልገባባት ቀሚስ

ንጋት፣ መርካቶ

ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ የሰበታ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። የጋዜጣችን አዘጋጅ ያዘዙኝ ቀላል ነው፦ አንዲት ሥዕል ተውሼ እንድመጣ፤ አዲስ አበባ በሚከፈተው ኤግዚቢሽን ልትሰቀል ነው። ሥዕሏ የሕፃን የክርስትና ቀሚስ ናት። ሰው የለባትም፣ ቀሚስ ብቻ። ገና ሳላያት ርእሱን በልቤ ጽፌ ጨርሻለሁ፦ «የዘመናዊ ሰው ባዶነት»። ምን ይሳነኛል!

ረፋድ፣ ዓለም ገና

አውቶቡሱ ቆሟል። ጭቃ፣ የበቆሎ እሸት፣ ቅቤ በቅል፣ እግሯ የታሰረ ዶሮ። ከጭቃው በቀር ሁሉም በመስኮት ይገባል። ሾፌሩ ክራባቴን አይቶ፣ «ጌታው፣ ለመሬት ክስ ነው?» አለኝ።

«ለሥዕል ነው።»

«የየትኛው ቅዱስ?»

«የቀሚስ።»

አማተበና ማርሽ አስገባ።

ቀትር ገደማ፣ ሰበታ

የሥዕሏ ባለቤት ኦቦ ቶሎሳ «አካም ቡልተኒ!» እንዴት አደሩ እያሉ ከደጅ ተቀበሉኝ። ሥዕሏ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅላለች፤ የገባ ሁሉ ወደደም ጠላም ያያታል።

አየኋት። ወይ ጉድ! ሁለት ስንዝር የማትሞላ ነጭ ቀሚስ። አንገቷ ላይ የተጠለፈው መስቀል ክሩ አንድ በአንድ ይለያል። የታጠፈችበት መስመር፣ ከግራው ትንሽ የሚያጥረው ቀኝ እጅጌ፣ ከጫፏ ያፈተለከች አንዲት ክር ሳይቀር አለ። እጄን ሰድጄ ክሯን ልመዛት ምንም አልቀረኝ። ባዶነት የምለው ነገር ጠፋኝ።

«ሠዓሊው ሕፃኑን ለምን ተወው?» አልኩ።

ኦቦ ቶሎሳ ሳቁ። «እኔ ያዘዝኩት ልጄን ነበር። እሷ መቼ አሳየችው!» ብለው ወደ ባለቤታቸው፣ ወደ ወይዘሮ በላይነሽ ጠቆሙኝ።

«ክርስትና ያልተነሣች ልጅ ለባዕድ ላሳይ?» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ። «ከሷ በፊት ሁለት ልጆቼን ዓይን በልቶብኛል። ቀሚሷን ሰጠሁት፤ እሷኑ ይሳል።»

ስለ ኤግዚቢሽኑ፣ ስለ አገር ክብር፣ ስለ ሥልጣኔ ተናገርኩ። ላብ እስኪያጠምቀኝ ተናገርኩ። በጽሞና ሰሙኝ።

«ሥዕሏ ከሄደች እንግዳ ሲገባ ምን ይይ?» አሉኝ ወይዘሮ በላይነሽ። «እስከ ዛሬ የመጣ ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ጥሎ ይሄዳል፤ ልጄም በሰላም አድጋለች። እርስዎም ደኅና አድርገው አይተውልኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

የተማረው ዓይኔ ለካ እንደ ማንም ዓይን ነው፤ ሥዕሏ አጥሩ ናት! ባዶ እጄን ብመለስ አዘጋጁ ምን ሊሉኝ ነው? ተናደድኩ። ይሄ አጉል እምነት ነው ልል አፌን ስከፍት የጓሮው በር ተበረገደና ልጅቷ፣ ካሳነሽ፣ እየሣቀች ሮጣ ገባች። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። እንዲህ ያለች ቆንጆ ልጅ በዕድሜዬ አላየሁም። «እንዴት ታም...» ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ።

እናቷን አየኋቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሏል፤ ትንፋሻቸውን ይዘው አፍ አፌን ያያሉ።

ቶሎ ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩ።

«እንዴት ያለች ቀሚስ ናት!» አልኩ ጮክ ብዬ።

«እባክዎ ይድገሙልኝ» አሉ ወይዘሮ በላይነሽ።

ደገምኩላቸው።