ፈርታ ነው ሲሉኝ

ሱሉልታ ውስጥ አስተማሪ ነበርኩ። እዚያው ስላደግኩ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል አፌን የፈታሁባቸው ናቸው፤ በከተማው ስብሰባ በተጠራ ቁጥርም የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ።

አዲስ አበባን ወደ እኛ በሚያሰፋው ማስተር ፕላን ላይ ተቃውሞ በተቀጣጠለበት ሰሞን ስብሰባ በዛ። መሬታችን ሊነካ ነው ያሉ ገበሬዎች በአንድ ወገን፣ ኃላፊዎች በሌላው ወገን ይቀመጣሉ፤ መሃል እኔ እቆማለሁ። ከኋላ ያሉት “አይሰማም” ማለት የጀመሩት ያኔ ነው። እኔ ግን እንደ ወትሮዬ የምናገር ነበር የሚመስለኝ። አዳራሹ ስለተንጫጫ ነው ብዬ አለፍኩት።

አንድ ቀን፣ ሁሉም “ኦቦ” እያለ የሚያከብራቸው ሽማግሌ ተነሥተው ስለ እርሻቸውና ስለ አባታቸው መቃብር ተናገሩ። ተርጉሜ ስጨርስ ኃላፊው “ምን አሉ?” ብሎ ጠየቀ። ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ።

“ኢንተላ ኮ” አሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው፤ “ቃሌ ከእኔ አፍ ትልቅ ሆኖ ወጣ፣ ካንቺ አፍ ትንሽ ሆኖ ወጣ። ማንን ፈርተሽ ነው?”

ማንንም እንዳልፈራሁ መለስኩላቸው። እሱም አልተሰማቸውም።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። ገሚሱ ፈርታ ነው አለ፤ ገሚሱ ወገን ለይታ ነው አለ። ሰበታ የምትኖረው እህቴ ደግሞ በደወለች ቁጥር ለምን እንደማንሾካሹክ፣ አጠገቤ ሰው ይኖር እንደሆነ ትጠይቀኛለች። ብቻዬን ነበርኩ። በኋላ፣ ፍርሃት ቢሆንማ ስለ በርበሬ ስናወራ እንኳ ድምፅሽ ይመለስ ነበር አለችና፣ በተቃውሞው የተዘጋው መንገድ እንደተከፈተ አዲስ አበባ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ።

የነርቭ ሐኪሟ ረጅም “አ” አስባለችኝ፤ ትንፋሼ ቶሎ አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፈችኝ፤ ፊደሎቼ ወደ መስመሩ መጨረሻ እየደቀቁ ሄዱ። ስራመድ ቀኝ እጄ እንደማይወዛወዝም አሳየችኝ። ፓርኪንሰን ነው አለች። እጄ አይንቀጠቀጥም እኮ ብዬ ተከራከርኳት። በአንዳንድ ሰው ቀድሞ የሚደክመው ድምፅ ነው አለችኝ።

“ጆሮዎ ድምፅዎ ደህና ነው ይልዎታል፤ አይመኑት። የጮኹ ሲመስልዎት፣ ልክዎ እሱ ነው።”

አለቀስኩ። ግን ከበሽታው ይልቅ ያንገበገበኝ ፈሪ መባሌ ነው። ድምፄን ለማጠንከር ጠዋት ጠዋት ባሕር ዛፍ ደን ውስጥ እየገባሁ እጮህ ጀመር። በዚያ ሰሞን ጩኸት የሰማ ሁሉ በሩን ይዘጋል። ጎረቤቴ ጣጣ ታመጪብናለሽ ብላ ለመነችኝ። የጸጥታ ሰዎችም መጥተው ምን እንደምሠራ ጠየቁኝ፤ መድኃኒቴ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። እኔም አላቆምኩም።

በሚቀጥለው ስብሰባ አዘጋጁ ተተኪ አግኝተናል፣ አንቺ እረፊ አለኝ። አላርፍም ብዬ ወደ ፊት ወጣሁና በሁለቱም ቋንቋ ተናገርኩ።

“ድምፄ ታሟል። እኔ አልፈራሁም። ያልሰማ ካለ ይበለኝ፤ እደግመዋለሁ።”

ሽማግሌው ወንበራቸውን አንሥተው ከፊቴ መጥተው ተቀመጡ። ይቅርታ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ድምፄ በወረደ ቁጥር ግን በትራቸውን ከፍ ያደርጋሉ፣ እኔም ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። እንዲህ እያልን ስብሰባውን ጨረስነው።

ቆይቶ ፕላኑ ቀርቷል ተባለ። እኔም ምላሴ እስኪተሳሰር ድረስ ብዙ ስብሰባ አስተረጎምኩ። ከአስተርጓሚነቱ ማን አስወጣሽ ለሚሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ማንም አላስወጣኝም፤ ሲደክመኝ ራሴ ተውኩት።